በዌስትቼስተር አጥር ማዶ፦ የአውሮፕላን ነዳጅ ከቤንዚን እስከ ጎመን ዘር

ከሎስ አንጀለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን ተያይዞ የሚገኘው ዌስትቼስተር የተባለው ሰፈር፣ የአውሮፕላን ነዳጅ ታሪክ ከሞላ ጎደል በአንድ አካባቢ ተጠቃሎ ከሚታይባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ከማኮብኮቢያዎቹ ማዶ በደቡብ በኩል፣ ኤል ሰጉንዶ በተባለችው ከተማ፣ ከ1911 ጀምሮ ድፍድፍ ነዳጅ ሲያጣራ የኖረው የሼቭሮን ማጣሪያ ይገኛል፤ በሰሜን ምዕራብ ባለችው ሳንታ ሞኒካ የዳግላስ ኩባንያ በቤንዚን የሚሠሩ ታላላቅ አውሮፕላኖችን ወጥኖ ሠርቷል፤ በደቡብ ምሥራቅ ባለችው ፓራማውንት ደግሞ ከእንስሳት ሞራ የጄት ነዳጅ ለማምረት የበቃ ማጣሪያ ተቋቁሟል። የከተማው ምክር ቤት በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ወደዚህ ሥፍራ ያለው መንገድ አጭር ሲሆን፣ የነዳጁ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከዚህ ጉርብትና እጅግ የሰፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፕላን ነዳጅ ሲባል ብዙ ሰው በመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን የላቀ ኃይል ያለው፣ በቀላሉ እሳት የሚነሣበት ፈሳሽ አድርጎ ይገምተዋል። በእርግጥ ግን ቤንዚን፣ ናፍጣና የጄት ነዳጅ በኪሎ ሲመዘኑ የሚሰጡት ኃይል በጣም የተቀራረበ ሲሆን፣ ለሦስቱም 43 ሜጋጁል ገደማ ነው። ነዳጅን ለበረራ የሚያበቃው ኃይሉ ሳይሆን ጠባዩ ነው፤ ማለትም በብርድ አለመርጋቱ፣ በግፊት ካለጊዜው አለመፈንዳቱ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ተንኖ አለማለቁ፣ በመሬትም ላይ ሳለ በቀላሉ አለመቀጣጠሉ ነው። እነዚህን ጠባዮች ሁሉ አሟልቶ የያዘ አንድ ፈሳሽ ስለሌለ፣ የየሞተሩ ዓይነት የየራሱን ነዳጅ መርጧል።

ቀዳሚው የፒስተን ሞተር ነው። በዚህ ሞተር የአየርና የቤንዚን ተን ድብልቅ በሲሊንደር ውስጥ በፒስተን ከተጨመቀ በኋላ የካንዴላ ብልጭታ ይለኩሰዋል፤ ድብልቁ በበለጠ በተጨመቀ መጠንም ከአንዱ ሊትር የሚገኘው ጉልበት ይጨምራል። ችግሩ ግን ማንኛውም ቤንዚን ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ብልጭታውን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ መፈንዳቱ ነው፤ ይህ ፍንዳታ በመኪና ላይ ሲደርስ ሞተሩን በማንኳኳት ያስጠነቅቃል፣ በአየር ላይ ሲደርስ ግን ፒስተኑን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የሚለካው ይህንኑ፣ ነዳጁ ካለጊዜው ሳይፈነዳ መጨመቅን የሚታገሥበትን አቅም ነው። በ1921 በጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ቶማስ ሚጅሊ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ በትንሹ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ኦክቴኑን በእጅጉ ከፍ እንደሚያደርግ ደረሰበት፤ በ1930ዎቹም 100 ኦክቴን ያለው የአውሮፕላን ቤንዚን ተሠርቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከታዩት ታላላቅ ሞተሮች ብዙዎቹ በእርሱ ላይ ተመሥርተው ተወጠኑ።

ከእነዚህ ሞተሮች እጅግ ግዙፎቹ ከተሰቀሉባቸው አውሮፕላኖች አንዱ የተሠራው ከዌስትቼስተር ገደል ሥር፣ ዛሬ ፕላያ ቪስታ በተባለው ሜዳ በነበረው የሃዋርድ ሂዩዝ ፋብሪካ ነበር። ከእንጨት የታነጸው ይህ ግዙፍ የባሕር አውሮፕላን ስምንት ሞተሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ሞተር 28 ሲሊንደሮች፣ እያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ካንዴላዎች ስለነበሩት በጠቅላላው 448 ካንዴላዎች ያስፈልጉት ነበር፤ በኅዳር 1947 በሎንግ ቢች ወደብ ለአጭር ጊዜ ከውኃው ተነሥቶ ሁለተኛ ሳይበር ቀርቷል። የቤንዚን ሞተር ከዚህ በላይ ሊያድግ እንዳልቻለ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ለኢትዮጵያ የበለጠ የሚቀርበው ግን የሳንታ ሞኒካው ሥራ ነው። በታኅሣሥ 1935 ከሳንታ ሞኒካ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ዲሲ-3፣ የጭነት ወንድሙን ሲ-47ን ያስገኘ ሲሆን፣ በ1945 መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ-47ዎች ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው የመጀመሪያው በረራ የተካሄደው፣ እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደር ባሏቸውና 1,200 የፈረስ ጉልበት በሚሰጡ ሁለት ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች፣ ከፍተኛ ኦክቴን ባለው ቤንዚን ነው። በ1958 አገልግሎት የጀመሩት ዲሲ-6ቢ አውሮፕላኖችም በዚያችው ሳንታ ሞኒካ የተሠሩ፣ በዚያው ዓይነት ነዳጅ የሚሠሩ ነበሩ። ስለዚህ አየር መንገዱ በመጀመሪያዎቹ 17 ዓመታት ገደማ የበረረው በእርሳስ በተቀላቀለ ቤንዚን ነው ማለት ይቻላል።

የጄት ሞተር የመጣው ይህን የመጨመቅና የመፈንዳት ጭንቀት ከነአካቴው በማስቀረት ነው። በጄት ሞተር አየሩ በሚሽከረከሩ የመጭመቂያ ምላጮች ተጨምቆ ወደ ማቃጠያ ክፍል ይገባል፤ እዚያም ነዳጁ እንደ ጉም እየተረጨበት ያለ ማቋረጥ ይነዳል፤ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን የተባለውን መዘውር እያሽከረከረ በኋላ በኩል በኃይል ሲወረወር አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ነበልባሉ አንድ ጊዜ ከተለኮሰ በኋላ ስለማይጠፋ፣ ካለጊዜው መፈንዳት የሚባል ነገር የለም፣ ኦክቴንም ዋጋ አይኖረውም። ከነዚህ ሞተሮች የመጀመሪያዎቹ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ሊያቃጥሉ ይችሉ ነበር፤ በነሐሴ 1939 በጀርመን የበረረው የመጀመሪያው የጄት አውሮፕላን ሃይንከል 178 ያቃጠለው ቤንዚን ነው። ቋሚው ምርጫ ግን በኬሮሲን ላይ አረፈ።

ኬሮሲን በኢትዮጵያ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ እየተባለ ለኩራዝና ለምድጃ ሲያገለግል የኖረው ፈሳሽ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በማጣሪያ ማማ ውስጥ ሲፈላ በቅድሚያ ቤንዚን፣ በመጨረሻ ናፍጣና ከባድ ዘይት የሚለዩ ሲሆን፣ በመካከላቸው ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ተንኖ የሚሰበሰበው ክፍል ኬሮሲን ይባላል። መካከለኛ መሆኑ ነው ለበረራ የተመቸው፤ ቤንዚን አየሩ በሳሳበት ከፍታ ፈጥኖ እየተነነ ቧንቧውን በተን ሲዘጋው ኬሮሲን ፈሳሽነቱን ይጠብቃል፤ ናፍጣ በብርድ ሲረጋ እርሱ ይፈስሳል፤ በመጠኑ ቅባትነት ስላለው የነዳጅ ፓምፖቹን እያለሰለሰ ያልፋል፤ ከቤንዚን ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ኃይል ይበልጣል። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት የጄት ነዳጅ ተን በእሳት ሊለኮስ የሚችልበት ዝቅተኛው ሙቀት ከ38 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም፤ የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ ብዙ ዲግሪ በታች ባለ ብርድም ይለኮሳል። ለአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችና በአጥሩ ማዶ ለሚኖሩ ሰዎች ደኅንነት ይህ ልዩነት ከሁሉም የሚበልጥ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚህ ነዳጅ የተሻገረው በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ የተባሉ ሁለት ጄቶች ሲረከብ ሲሆን፣ የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለእነርሱ ስለማይበቃ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። በሎስ አንጀለስም የጄት ዘመን በጥር 1959 ወደ ኒው ዮርክ በተጀመረው የቦይንግ 707 በረራ ሲገባ፣ ዌስትቼስተር ዋጋውን ከማንም በፊት ከፈለ፤ ጩኸቱ ለመኖር አላስችል በማለቱ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በማኮብኮቢያው ዳር የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች እየተገዙ ፈርሰዋል።

ሁሉም የጄት ነዳጅ አንድ ዓይነት ነው ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአብዛኛው የሚቀዳው ጄት ኤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ መርጋት ሊጀምር የሚፈቀድለት ሲሆን፣ በቦሌም ሆነ በቀረው ዓለም አብዛኛው ክፍል የሚቀዳው ጄት ኤ-1 ደግሞ እስከ 47 ዲግሪ ድረስ እንዲቋቋም ይጠበቅበታል። ይህች የ7 ዲግሪ ልዩነት ተራ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በ11,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በአማካይ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ስለሚሆን፣ በክንፍ ውስጥ ለአሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዓት የሚቆየው ነዳጅ ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ስለዚህ በረጅም በረራ አብራሪዎች የነዳጁን ሙቀት በመሣሪያ ይከታተላሉ፤ እጅግ ከወረደም ወደ ሞቀ አየር ዝቅ ይላሉ ወይም ፍጥነት ይጨምራሉ። በካናዳ ሰሜናዊ ክፍልና በአላስካ ደግሞ ብርዱ ስለሚብስ ቤንዚንና ኬሮሲን ተቀላቅሎ የተሠራው ጄት ቢ የተባለ ነዳጅ ያገለግላል፤ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከዚያ ውጭ የሚፈልገው የለም። የአሜሪካ አየር ኃይልም ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበትን ተመሳሳይ ድብልቅ በ1990ዎቹ ትቶ ከጄት ኤ-1 ጋር ተቀራራቢ ወደሆነው ጄፒ-8 ዞሯል።

ከነዳጁ በላይ የሚያሰጋው በውስጡ ተደብቆ የሚገባው ውኃ ነው። ምንም ያህል ቢጣራ በነዳጅ ውስጥ ጥቂት የሟሟ ውኃ አይጠፋም፤ በብርድም ወደ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣት ይለወጣል። በጥር 2008 ከቤጂንግ ወደ ለንደን ሲበር የነበረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ለማረፍ ሲቃረብ ሁለቱም ሞተሮቹ የተጠየቁትን ኃይል ሳይሰጡ ቀርተው ከማኮብኮቢያው በፊት ባለ ሣር ላይ ወደቀ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው እንዳረጋገጠው፣ የጄት ኤ-1 ነዳጁ ራሱ ባይረጋም፣ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው በረዶ ተላቅቆ ነዳጁን በሞተር ዘይት የሚያሞቀውን መሣሪያ ደፍኖት ነበር። የመሣሪያው ቅርጽ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል።

እስካሁን የተባለው ስለ ነዳጅ ጠባይ ነው፤ በኢትዮጵያና በሎስ አንጀለስ መካከል ለሚደረግ ጉዞ ግን ከጠባዩም በላይ ወሳኙ ክብደቱ ነው። የቦይንግ 787-8 ታንኮች ሲሞሉ 126,000 ሊትር ገደማ ይይዛሉ፤ ይህም 100 ቶን ያህል ስለሚመዝን አውሮፕላኑ እንዲነሣበት ከተፈቀደው 228 ቶን ገደማ ከሁለት አምስተኛ በላይ ይሆናል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ለክንፉ ያነሰ ድጋፍ፣ ለሞተሩም ያነሰ ትንፋሽ ስለሚሰጥ፣ አውሮፕላኑ ተሳፋሪና ጭነቱን ይዞ በሙሉ ታንክ መነሣት አይችልም። አየር መንገዱ በ2015 ወደ ሎስ አንጀለስ በረራ ሲጀምር በደብሊን በኩል ያደረገውም፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት በረራዎች በመንገድ ላይ ቆመው ነዳጅ ሲቀዱ የኖሩትም በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ከ40 ሜትር በታች ከፍታ ካለው የሎስ አንጀለስ ማኮብኮቢያም ሆነ ከዋሽንግተን የሚነሣ አውሮፕላን ከባዱን ነዳጅ ለመሸከም አይቸገርም። በሰኔ 1984 አየር መንገዱ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ ለሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን የሰበረው ወደዚህ አቅጣጫ መሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ በዚያው አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ያንኑ ክብረ ወሰን መስበር አይታሰብም ነበር። ቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲገነባ የተወጠነው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ የሚል በመሆኑ፣ ከሚጠበቁት ጥቅሞች አንዱ ይኸው የነዳጅ ጉዳይ ነው።

አየር መንገዶች ክብደትን ለመቀነስ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ለጉዞው ከሚያስፈልገውና ለመጠባበቂያ ከተደነገገው አስበልጠው አይቀዱም፤ ይህንን አለመረዳት በኅዳር 1996 ታላቅ ጥፋት አስከትሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን ቦይንግ 767 የጠለፉ ሦስት ሰዎች፣ አውሮፕላኑ በሙሉ ታንክ ለአሥራ አንድ ሰዓት መብረር እንደሚችል በበረራ መጽሔት ላይ አንብበው ወደ አውስትራሊያ እንዲወስዷቸው አብራሪውን ካፒቴን ልዑል አባተን አስገደዷቸው፤ የተቀዳው ነዳጅ ለናይሮቢ ጉዞ የሚሆን ብቻ መሆኑን ካፒቴኑ ቢያስረዱም አላመኗቸውም። ሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ ጨርሰው ጠፍተው አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ሃምሳ ሰው የተረፈው በካፒቴኑ ብልሃት እንደሆነ ይታመናል።

ነዳጅ ሲበዛም የራሱ መዘዝ አለው፤ ረጅም መንገድ ለመሄድ የተነሣ አውሮፕላን ወዲያው ለመመለስ ቢገደድ ለማረፍ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ስለሚሆን፣ አንዳንዶቹ ትላልቅ አውሮፕላኖች ነዳጃቸውን በአየር ላይ የሚያፈስሱበት ቧንቧ አላቸው። ይህ የሚደረገው ነዳጁ መሬት ሳይደርስ ተንኖ እንዲበተን በከፍታ ላይ ነው። በጥር 14 ቀን 2020 ግን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሻንጋይ የተነሣ የዴልታ አየር መንገድ ቦይንግ 777 ከሞተሮቹ አንዱ ታውኮበት ሲመለስ ነዳጁን በዝቅታ በማፍሰሱ፣ በከደሂ ከተማ በትምህርት ቤት ግቢ የነበሩ ሕፃናትን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ለቀላል የቆዳና የዓይን መቆጣት ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በአካባቢው የዘወትሩ ችግር ግን የማይፈስሰው፣ የሚቃጠለው ነዳጅ ነው፤ በ2014 የወጣ የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በዓይን የማይታዩ እጅግ ረቂቅ የጢስ ቅንጣቶች ከማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ፣ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ከወትሮው በእጥፍ ጨምረው እንደሚገኙ አሳይቷል። ዌስትቼስተር በስተሰሜን በመሆኑ ከጩኸቱ እንጂ ከጢሱ ትልቁ ድርሻ አልደረሰውም።

ነዳጁ ወደ ማረፊያው የሚደርስበት መንገድ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ርቀት ከምንም በላይ ያሳያል። ሎስ አንጀለስ ከአጎራባች ማጣሪያዎች በቧንቧ ትቀዳለች፤ በጥቅምት 2025 በኤል ሰጉንዶው ማጣሪያ የጄት ነዳጅ በሚመረትበት ክፍል የተነሣው እሳት የአውሮፕላን ማረፊያውን አቅርቦት ምን ያህል በአንድ ጎረቤት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ለብዙዎች አስታውሷል። ኢትዮጵያ ግን በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ከተዘጋው የአሰብ ማጣሪያ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ ከውጭ ገዝታ የምታስገባ ሲሆን፣ ቦሌ የሚቀዳው ጄት ኤ-1 በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ በቦቴ መኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። የጄት ነዳጁን የሚያመላልሰው ቦቴ ራሱ ናፍጣ እያቃጠለ መሆኑን ማሰብ፣ የዚህን ነዳጅ እውነተኛ ዋጋ ለማስላት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ከጄት ዘመን በኋላም በእርሳስ የተቀላቀለው ቤንዚን ጨርሶ አልጠፋም። አንድና ሁለት ሞተር ያላቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ ከእነርሱም ሠልጣኞች የሚለማመዱባቸው ብዙዎቹ ሴስናዎች፣ ዛሬም የሚቀዱት 100ኤልኤል የተባለውን ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ቤንዚን ነው። በስሙ መጨረሻ ያሉት ፊደላት እርሳሱ አነስተኛ መሆኑን የሚጠቁሙ ቢሆንም፣ በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቀለሙ የተጨመረው በዓይን እንዲለይ ነው፤ የጄት ነዳጅ መቅጃ አፍም ሆን ተብሎ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሠራው በቤንዚን ታንክ ቀዳዳ እንዳይገባ ነው፤ ምክንያቱም ኬሮሲን የተቀዳለት የቤንዚን ሞተር በቧንቧው በቀረው ቤንዚን ከተነሣ በኋላ፣ ከመሬት ርቆ ሳለ ሊጠፋ ይችላል። የመኪና ቤንዚን ከእርሳስ የጸዳው ከሰሃራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በ2006 መግቢያ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቁማለች። የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ለዓሥርተ ዓመታት የታወቀ ብረት ከመኪና ከወጣ በኋላ በአውሮፕላን ቤንዚን ውስጥ መቅረቱ የቁጥጥር ቸልተኝነት ይመስላል፤ በከፊልም እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን በአየር ላይ የሚጠፋ ሞተር በመንገድ ዳር ከሚቆም መኪና የተለየ መሆኑን መዘንጋትም አግባብ አይሆንም። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ2031 መግቢያ ጀምሮ ይህ ቤንዚን በግዛቷ እንዳይሸጥ ከልክላለች፤ የዲሲ-3 መነሻ የነበረው የሳንታ ሞኒካ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከ2028 መጨረሻ በኋላ ሊዘጋ ተወስኗል።

ለአፍሪካ ይበልጥ የሚጠቅመው መፍትሔ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። የኦስትሪያው ዳይመንድ ኩባንያ ከመርሴዲስ የመኪና ናፍጣ ሞተር ተነሥቶ በተሠራ ሞተር የሚበርሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች ያቀርባል፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የሌለው፣ ነዳጁን በጭመቃ ሙቀት ብቻ የሚለኩስ በመሆኑ፣ በየትልቁ ማረፊያ የሚገኘውን ጄት ኤ-1 ራሱን ያቃጥላል። የአውሮፕላን ቤንዚን በጥቂት በርሜል ከሩቅ ለሚያስመጣ አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሎክሂድ ኩባንያ የተወጠነው ኤስአር-71 የስለላ አውሮፕላን ከድምፅ ሦስት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነቱ አካሉ ስለሚግል፣ በክብሪት እንኳ የማይያዝ ጄፒ-7 የተባለ ልዩ ነዳጅ ተሠርቶለት ነበር፤ ያንን ነዳጅ ለመለኮስ አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ሌላ ኬሚካል መርጨት ግድ ነበር።

ነዳጅን ከድፍድፍ ዘይት ለማላቀቅ ከተሞከሩት መንገዶች ሃይድሮጅን ብዙ ተወርቶለታል። ከሎስ አንጀለስ ማረፊያ በስተደቡብ ምሥራቅ ሆቶርን ላይ የነበረው ዩኒቨርሳል ሃይድሮጅን ኩባንያ በመጋቢት 2023 የዳሽ 8 አውሮፕላንን በአንድ ወገን በሃይድሮጅን ለ15 ደቂቃ አበረረ፤ በ2024 ግን ገንዘብ አጥቶ ተዘጋ። ሃይድሮጅን በኪሎ ከኬሮሲን ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ቢኖረውም፣ የሚይዘው ቦታ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ክንፍ ውስጥ አይገባም።

በአሁኑ ጊዜ በእርግጥ የሚበረርበት አማራጭ ከዕፅዋት ዘይትና ከሞራ የሚሠራው ነዳጅ ነው። በዚህ አሠራር ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ኦክሲጅኑ ከተወገደለት በኋላ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ተቆራርጠው ከኬሮሲን የማይለዩ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሞተሩም ቧንቧውም መለወጥ አያስፈልጋቸውም። ፓራማውንት የነበረው የአልትኤር ማጣሪያ በመጋቢት 2016 ለዩናይትድ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ለሚነሡ በረራዎች እንዲህ ያለውን ነዳጅ በመደበኛነት ማቅረብ የጀመረ የመጀመሪያው ነበር፤ ሊስፋፋበት የነበረው ትልቅ ዕቅድ ግን በ2025 ዋና ሸሪኩ ሲወጣ ቀርቷል። ነዳጁ ከተለመደው ኬሮሲን ጋር እስከ ግማሽ ድረስ ተቀላቅሎ እንዲቀዳ ብቻ የተፈቀደበት ምክንያት የሚገርም ነው፤ አሮማቲክ የተባሉት የኬሮሲን ውሕዶች በቧንቧ መገጣጠሚያ ያሉትን የላስቲክ ቀለበቶች አሳብጠው ማፍሰስን ሲከላከሉ፣ ከዕፅዋት የተሠራው ነዳጅ ግን እነርሱ የሉትም፣ ንጹሕነቱ በራሱ እንከን ሆኖበታል ማለት ነው። ያገለገለ የማብሰያ ዘይትም ለዚሁ ሥራ ከየምግብ ቤቱ ይሰበሰባል፤ የፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ከሳምቡሳ በቀር በዘይት ጠልቆ የሚጠበስ ብዙ ምግብ ስለሌላቸው በዚህ በኩል የሚያዋጡት ትንሽ ነው።

የሀበሻ ምድር ያዋጣችው ግን ከማዕድ ቤቱ ሌላ ጥግ የመጣ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው የሀበሻ ጎመን መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ ሲሆን፣ ዘሩ ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ሲያገለግል ኖሯል። ይህ ዘር በዘይት የበለጸገ በመሆኑና ዘይቱም ለምግብነት ብዙ የማይፈለግ በመሆኑ፣ አግሪሶማ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ለነዳጅ የሚሆኑ ዝርያዎችን አዳቀለ። በጥቅምት 2012 በኦታዋ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለ ጄት ከዚሁ ዘይት በተሠራ፣ ምንም ኬሮሲን ባልተቀላቀለበት ነዳጅ አበረረ። በጥር 2018 መጨረሻ ደግሞ የኳንታስ ቦይንግ 787-9 ከዚህ ጎመን ዘር የተሠራ ነዳጅ አንድ አሥረኛ ተቀላቅሎለት፣ በዌስትቼስተር አጥር ማዶ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሜልበርን ደረሰ። ዛሬ ዝርያዎቹን በባለቤትነት የያዘው አግሪሶማን በ2019 የገዛው ኑሲድ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ማሳዎቹ ያሉት በደቡብ አሜሪካና በዩናይትድ ስቴትስ ነው፤ የዘሩ እናት አገር ከዚህ ምን ድርሻ ይገባታል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የግብርናና የአቪዬሽን ሰዎች መካከል ከአሁኑ በላይ ሊነሣ የሚገባው ነው።

ተስፋውን በልኩ ለመያዝ ግን ቁጥሩን ማየት ይበጃል። በ2024 በዓለም ላይ ከተቃጠለው የአውሮፕላን ነዳጅ ከዕፅዋት፣ ከሞራና ከመሰል ምንጮች የተገኘው 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። በኳንታሱ በረራ ጊዜ በተሰጠው ስሌት መሠረት ከአንድ ሄክታር የጎመን ዘር 2,000 ሊትር ዘይት ሲገኝ፣ ከዚያ ውስጥ የአውሮፕላን ነዳጅ የሚሆነው 400 ሊትር፣ የመኪና ናፍጣ የሚሆነው ደግሞ 1,400 ሊትር ነው፤ በዚህ ሂሳብ የአንድ ቦይንግ 787-8 ታንኮችን አንድ ጊዜ ብቻ ለመሙላት ከ300 ሄክታር በላይ የጎመን ማሳ ያስፈልጋል። አጣሪዎች ሂደቱን ወደ አውሮፕላን ነዳጅ እንዲያደላ ማድረግ ቢችሉም፣ ናፍጣው በቀላሉ ስለሚመረትና ገበያውም ዝግጁ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ እስካሁን የሚመርጡት ናፍጣውን ነው።